ድቡ ስንቃችንን የቀመሰ ለት

በዋሽንግተን ዙሪያ በምንኖር ሐበሾች ዘንድ «ጫካ ገብተን እንደር» ያለ ሰው መጀመሪያ የሚሰማው መልስ ድብ ነው። ከቅዳሴ ወጥተን ደጅ ቆመን ወሬውን ሳነሳ እናቶች ያማትባሉ፤ ጎልማሶቹም «ድብ ባለበት አገር ሜዳ ላይ ይተኛል እንዴ?» ይላሉ። አንዲት እናት ግን ከሁሉም የከበደውን ነገሩኝ። «ልጄ፣ እኛ ሜዳ ላይ ያደርነው ወደ ሱዳን ስንሻገር ነው። ያንን እንደገና፣ ያውም ከፍለን?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። በሌሊት ተጉዞ ድንጋይ ተንተርሶ ያደረን ሰው ድንኳን ውስጥ ማደር መዝናኛ ነው ቢሉት ባይዋጥለት አይፈረድበትም።

ግን ልጆቻችን የሚያድጉት እዚህ ነው፤ አገሩም ተራራ አለው። ከዋሽንግተን ወደ ምዕራብ 75 ማይል ያህል ሲኬድ የሼናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ይገኛል። ከ500 ማይል በላይ የእግር መንገድ አለው። ከጆርጂያ ተነስቶ ሜይን የሚደርሰው ዝነኛው የአፓላቺያን መንገድ 100 ማይል ያህሉ የሚያልፈው በዚህ ፓርክ ውስጥ ነው። እኛ ግን በጥቅምት ቅጠሉ ሲቀላ ስካይላይን ድራይቭ የተባለውን 105 ማይል የተራራ ጎዳና በመኪና እንነዳና፣ መቆሚያው ላይ ፎቶ ተነስተን እንመለሳለን። ከአስፋልቱ ሁለት ማይል ገባ ብሎ ያለውን ጸጥታ የሚያውቀው የሌላ ሰው ልጅ ነው። ይህ ይቆጨኛል።

እንቁጣጣሽ በዋለ በሳምንቱ ለመሄድ ቆረጥን። አራት ነበርን፤ እኔ፣ አብሮ አደጌ፣ ከአገር ቤት ከመጣ ገና ብዙ ያልቆየው ታናሽ ወንድሙ፣ እንዲሁም የባለቤቴ አጎት። አጎቷን ጋሼ ነው የምላቸው። ደባርቅ አካባቢ ተወልደው ከብት እየጠበቁ ያደጉ ሰው ናቸው። ስለ ድብ ሲነሳ «ከጅብ ጋር ጎረቤት ሆኜ አድጌ ድብ ምን ሊያመጣብኝ?» ይላሉ።

ይህ አባባላቸው አሳሰበኝ። ጋሼ ድፍረት አልጎደላቸውም፤ ድፍረት የብዙዎቻችንም ችግር አይደለም። ድብን ግን የምናውቀው ከመጽሐፍ ብቻ ነው። ዳዊት በሳኦል ፊት ቆሞ አንበሳና ድብ መግደሉን ሲናገር ሰምተናል። በኤልሳዕ ላይ ባፌዙት ልጆች ላይ ሁለት ድቦች ከዱር ሲወጡ ሰምተናል። ከዚያ ወዲያ የለም። ድብ በኢትዮጵያ የለም፤ ከሰሐራ በታች ባለው አፍሪካም በሙሉ የለም። በሰሜን አፍሪካ የአትላስ ተራሮች ይኖር የነበረውም በ19ኛው ክፍለ ዘመን እንደጠፋ ይታመናል። አያቶቻችን ስለ ጅብ፣ ስለ ነብር፣ ስለ ጭላዳ ያወረሱን እውቀት ብዙ ነው፤ ስለ ድብ ግን የሚያወርሱን አልነበራቸውም። ስለዚህ ሼናንዶዋ ስንገባ ይዘን የምንገባው የሌላ አውሬ እውቀት ነው። የሌላ አውሬ እውቀት ደግሞ ካለማወቅ የባሰ የሚሆንበት ጊዜ አለ።

ለዝግጅቱ አንድ ምሽት እኛ ቤት ተሰበሰብን። ጫካ አድሮ ለማያውቅ ሰው የመጀመሪያው ጉዞ አጭር መሆን አለበት ብዬ አጥብቄ አምናለሁ። ጥቂት ማይል መሄድ፣ አንድ ሌሊት ማደር፣ በመጡበት መመለስ፤ በቃ። መጀመሪያውኑ ሦስት ቀን ተራራ ለተራራ የዞረ ጀማሪ እግሩ ቆስሎ፣ ትከሻው ተላልጦ ይመለስና ሁለተኛ አይሄድም። የሚታዘለው ከሰውየው ክብደት አንድ አምስተኛ ባይበልጥ ይመረጣል፤ 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ከ14 ኪሎ በላይ አይሸከም ማለት ነው። ስልክ በብዙው ቦታ ስለማይሠራ የወረቀት ካርታ ይያዛል። የት እንደሚታደርና መቼ እንደሚመለሱ ቤት ለሚቀር ሰው ይነገራል፤ እኛ ለባለቤቴ ጽፈን ሰጠናት። የማደሪያ ፈቃዱም አስቀድሞ ነው የሚወጣው። ፈቃዱ ላይ ከተጻፉት ደንቦች አንዱ ጋሼን አላስደሰተም፤ በዱሩ ውስጥ እሳት ማንደድ ክልክል ነው። ለአፓላቺያን መንገደኞች ከተሠሩት ጎጆዎች ምድጃ በስተቀር ምግብ የሚበስለው በትንሽ የጋዝ ምድጃ ነው።

«እሳት የሌለው ሰፈር፣ በር የሌለው ቤት ነው» አሉ።

«ጋሼ፣ የዚህ አገር ድብ እሳት አይቶ አይሸሽም» አልኳቸው። «የሚስበው ሽታ ነው።»

ታዲያ ሽታ ከተባለ እኛን የሚያህል የለም። በዚያ ምሽት ጠረጴዛው ላይ የተደረደረውን ስንቅ አሁንም አየዋለሁ፤ በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ቋንጣ፣ ድርቆሽ፣ ባለቤቴ በንጥር ቅቤ ያሸችው ጭኮ፣ ከበዓል የተረፈ ድፎ ዳቦ፣ በላስቲክ የተጠቀለለ እንጀራ። እዚህ ላይ የልቤን ልናገር። በዚህ አገር የተራራ ዕቃ መሸጫ በውድ ዋጋ የሚሸጠው የደረቀ ምግብ ከእኛ ስንቅ አይበልጥም። በሶ እሳት አይፈልግም፤ በውኃ ይበጠበጣል ወይም ይጨበጣል። ቋንጣና ድርቆሽ ቀላል ናቸው፣ አይበላሹም። ጭኮ እፍኝ የማይሞላ ቢሆን እንኳን ለግማሽ ቀን ያቆማል። ዘማችና ነጋዴ አገር ያቋረጡት በዚህ ስንቅ ነው። ልጆቻችን ለጉዞ ሲዘጋጁ እናታቸው የምታውቀው ጥበብ መኖሩን ቢያዩ ደስ ይለኛል። ለተራራ የማይሆነው እንጀራውና ዳቦው ነው፤ ቦታ ይይዛሉ፣ ይሻግታሉ፣ ሽታቸውም ሩቅ ይሄዳል።

የድብ የማሽተት ኃይል ከውሻ ይበልጣል። ለድብ ምግብ ማለትም ሰው የሚበላው ብቻ አይደለም። የጥርስ ሳሙና፣ የገላ ሳሙና፣ የከንፈር ቅባት፣ የፀሐይ መከላከያ፣ የከረሜላ ልጣጭ ሁሉ ይስበዋል። ለጸጉርም ለምግብም የሚሆነው ቅቤ ከነዚህ ሁሉ ይብሳል። ከእነዚህ አንዱም ድንኳን ውስጥ አይገባም። ለዚህ ሲባል ካኒስተር የሚሉት ወፍራም የፕላስቲክ በርሜል ተሠርቷል፤ ክዳኑ የሰው ጣት እንጂ የድብ ጥርስና ጥፍር እንዳይከፍተው ሆኖ የተበጀ። ባዶው ከአንድ ኪሎ ትንሽ ይበልጣል። የዚህ ፓርክ ደንብ ምግብን በእንዲህ ያለ በርሜል መያዝን፣ ወይም ከመሬት 10 ጫማ ከግንዱ ደግሞ 4 ጫማ አርቆ ዛፍ ላይ መስቀልን ያዛል። እኛ የተከራየነው አንድ በርሜል ነበር። በሶው፣ ቋንጣው፣ ድርቆሹና ቆሎው ገባበት። የቀረው እንዲሰቀል ሆነ።

የአብሮ አደጌ ወንድም «ሚጥሚጣ ይዘን በድንኳኑ ዙሪያ ብንበትንስ?» አለ። ሐሳቡ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ድብ ሲመጣ የሚረጨው ስፕሬይ ዋና ነገሩ ካፕሳይሲን ነው፤ ሚጥሚጣና በርበሬን የሚያቃጥላቸው ያው ንጥረ ነገር። ነገር ግን የሚሠራው በቅርብ ርቀት ከድቡ ዓይንና አፍንጫ ሲገባ ነው። መሬት ላይ ወይም ድንኳን ላይ ደርቆ የቀረ እንደሆነ ድቡን እንደ ቅመም ሊጠራው ይችላል፤ ልጁም ሰምቶ ዝም አለ። ስፕሬይ ግሪዝሊ የሚሉት ሌላ ዓይነት ድብ ባለበት በየሎውስቶንና በሞንታና ወገብ ላይ ታጥቀውት የሚሄዱት ዕቃ ነው። ቦርሳ ውስጥ ከተቀበረ አይጠቅምም፤ በካሊፎርኒያው ዮሰሚቲ ደግሞ ጭራሽ የተከለከለ ነው።

ጋሼ ጋቢያቸውን ይዘው መጡ። ጋቢ ጥጥ ነው። ጥጥ ሲርስ ውኃውን ይዞ ይቀራል፣ ከማሞቅ ይልቅ ሙቀት ይነጥቃል፤ ተራራ ላይ የሱፍ ወይም የሰው ሠራሽ ልብስ ይሻላል አልኳቸው። «ሰሜን ተራራ ላይ ያደግሁት ምን ለብሼ ነው?» ብለው አዘሉት። ከሰዓት በኋላ ዝናብ መጣ። ጋቢው ቦርሳው አናት ላይ ታስሮ ስለነበር ጠጣው፤ ሰፈር ስንደርስ ለሁለት ጨመቅነው። እኔ የያዝኩትን የሱፍ ሹራብ ሰጠኋቸውና ምንም ሳይናገሩ ለበሱት።

ዝናቡ አዘገየን። ዛፎቹ ላይ የተቀባውን ነጭ ምልክት እየተከተልን፣ ቅጠሉ ያንጠባጠበውን እየተቀበልን ሄድን። ለሰፈር ያሰብነው ቦታ ስንደርስ ቀኑ መሽቷል። ለማብሰል ከድንኳኖቹ ራቅ ብለን 100 እርምጃ ያህል ወረድን። ይህ ርቀት ለምን እንደሚያስፈልግ ልጁ ጠየቀኝ፤ ድቡ የወጡን ሽታ ተከትሎ ቢመጣ የሚያገኘው ባዶ መሬት እንጂ የተኛ ሰው እንዳይሆን ነው። ድርቆሹ ፍርፍር ሆነ፣ ቋንጣው ገባበት፣ በዚያ ብርድ በዚያ ጨለማ እንደዚያ ያለ ራት በልቼ አላውቅም። ከራት በኋላ አንድ ነገር ሆነ። ጋሼ ከሳህናቸው የተረፈውን በቅጠል ጠቅልለው ተነሱ።

«ወዴት ነው ጋሼ?»

«ወዲያ ላኑርለት። የዱሩ ባለቤት እሱ ነው። ድርሻውን ከቀመሰ እኛን ምን ብሎ ይነካል?»

አላጠፉም፤ ያደጉበት ነው። ሐረር ከተማ በር ላይ ለጅብ ሥጋ የሚያጎርሱ ሰዎች እንዳሉ ሁላችንም እናውቃለን፤ በአሹራ በዓልም ለጅቦቹ ገንፎ ይቀርብላቸዋል። ጅቡና ከተማው የተግባቡበት ሥርዓት ነው። በአሜሪካ ዱር ግን ያ ጉርሻ ሞት ነው፤ መጀመሪያ ለድቡ፣ አንዳንድ ጊዜም ለሰው። ከሰው እጅ የቀመሰ ድብ ሰውንና ምግብን አንድ አድርጎ ያያል። ሌሊት ሰፈር ይመጣል፣ ድንኳን ይቀዳል፣ መኪና ይሰብራል። ያን ጊዜ ፓርኩ ያለው ምርጫ ጥቂት ነው፤ ብዙ ጊዜም መጨረሻው መገደል ነው። ይህን ስነግራቸው ጋሼ ቆመው ሰሙኝ። ከዚያ ተመልሰው ተቀመጡና የግንባር ባትሪውን ወደ መሬት አድርገው፣ ከሳሩ መካከል የወደቀውን የቋንጣ ፍርፋሪ አንድ በአንድ በጣታቸው ለቅመው ከረጢት ውስጥ ጨመሩት። «እኔ ላብላው ስል ልገድለው ነበር» አሉ።

ከመተኛታችን በፊት ጋሼ ሌላም ነገር አስተማሩን። እግራችንንና ብብታችንን እንድንፈትሽ አደረጉን፤ ከብት የጠበቀ ሰው መዥገር አይረሳም። በእርግጥም በዚህ አካባቢ ጫካ ከድብ ይልቅ ብዙ ሰው የሚያሳምመው ላይም የተባለውን በሽታ የሚያስተላልፈው መዥገር ነው። ድብ ይወራለታል እንጂ እዚህ ያለው ዓይነት፣ ጥቁር ድብ፣ ሰው የሚገድለው እምብዛም ነው። የካናዳው ተመራማሪ ስቲቨን ሄሬሮና ባልደረቦቹ ከ1900 እስከ 2009 በሰሜን አሜሪካ ያለውን መዝገብ አገላብጠው በዱር ጥቁር ድብ የተገደሉ 63 ሰዎች አግኝተዋል። ከመቶ ዓመት በላይ፣ በሁለት ሰፊ አገሮች። ይህን ቁጥር ለደጅ ሰላሙ እናቶች ሁሉ ብነግራቸው እወዳለሁ።

በርሜሉን ከድንኳኖቹ አርቀን፣ ከገደልና ከወንዝ ራቅ አድርገን መሬት ላይ አኖርነው። ዳቦው፣ እንጀራው፣ ጭኮውና የጥርስ ሳሙናው ያሉበትን ከረጢት አብሮ አደጌ በባትሪ እየፈለገ ዛፍ ላይ ሰቀለው። ዝናቡ ገመዱን አሙለጭልጮታል፤ በአካባቢው ያለው የተሻለ ቅርንጫፍም ቀጭን ነበር። እንደዚያው አደረ።

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ ቅርንጫፍ ሲሰበር ሰማን። ከዚያ የሚያጓራ ሳይሆን በኃይል የሚተነፍስ ነገር፤ ደግሞ ጥርስ ከጥርስ የሚጋጭበት ድምፅ። ባትሪውን ስናበራ ሁለት ዓይን አበራ፤ በቁመቱ ልክ ተነስቶ በሁለት እግሩ ቆሞ ነበር። ያን የመሰለ ጥቁር አላየሁም፤ ከጀርባው ካለው ጨለማ ይልቅ ይጠቁራል። በሁለት እግሩ መቆሙ ለድብድብ አይደለም፣ ለማየትና ለማሽተት ነው። ጥርሱን የሚያጋጨውም ፈርቶ ነው። ይህን አስቀድመን ማወቃችን አዳነን፤ የሮጠ ሰው አልነበረም። ድብ በሰዓት 56 ኪሎ ሜትር ሊሮጥ ይችላል፣ ጥቁር ድብ ደግሞ ዛፍ ላይ ከሰው ቀድሞ ይወጣል። መሸሽ የትም አያደርስም። አራታችንም ተጠጋግተን ቆምን፣ ድስት በማንኪያ መታን፣ ጮኽን። የልጁ እጅ ክንዴን ጨብጦ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ድምፁ ግን ከሁላችን ይበልጥ ነበር። ድቡ ለአፍታ ተመለከተን፤ ከዚያ በአራት እግሩ ወረደና ከረጢቱን በጥርሱ ይዞ ቁልቁል ገባ። ከዚያ በኋላ የተኛ የለም።

ሲነጋ ወረድንና አየን። በርሜሉ ካኖርንበት ሃያ እርምጃ ተንከባሎ ሄዷል፤ ጎኑ ላይ የጥርስ ጭረት አለ፤ ክዳኑ አልተነቃነቀም። ከረጢቱ ግን እንደ ጨርቅ ተቀዷል። የጭኮው ዕቃ ተልሶ ተወልውሏል። የጥርስ ሳሙናው ቱቦ ተነክሷል። እንጀራው የለም። ከእርጥቡ ቅጠል መካከል የላስቲኩን ቁርጥራጭ ስንለቅም ሰዓት ፈጀብን። ማንም አልተናገረም። ድቡ ያንን ቅቤ የቀመሰው በእኛ ሰፈር ነበር፤ ጣዕሙንም አይረሳውም።

ስንመለስ በመንገዱ ዳር የተከመረ ድንጋይ አየን፤ የፈረሰ ቤት ጭስ ማውጫ ነው። ከጎኑ ያረጀ የፖም ዛፍ። ፓርኩ በ1935 ሲቋቋም በዚህ ተራራ ላይ ይኖሩ የነበሩ በመቶዎች የሚቆጠሩ ቤተሰቦች ከቤታቸው እንዲነሱ ተደርገዋል። ይህን ስነግራቸው ጋሼ ድንጋዩን በእጃቸው ዳሰሱት። «ግጭም እንዲሁ ሆነ» አሉ። የሰሜን ተራሮች ፓርክ ውስጥ የነበረውን የግጭ መንደር ማለታቸው ነው፤ ነዋሪዎቹ በቅርብ ዓመታት ወደ ደባርቅ ከተማ ተዛውረዋል። ዱር ዱር የሚሆነው አንዳንዴ በሰው ዕንባ ጭምር ነው። ያ ወሬ ሌላ ወግ ይፈልጋል፤ እዚህ ላይ የማነሳው ከፖሙ ሥር ስላየነው ነገር ነው።

እናት ድብና ሁለት ግልገሎች ነበሩ። መስከረም ላይ ድብ ለክረምቱ እንቅልፍ ስብ ያከማቻል፤ ቀኑን ሙሉ ይበላል፣ በቀን እስከ 20,000 ካሎሪ ሊደርስ ይችላል። እናቲቱ የወደቀውን ፖም እየለቀመች ቀና አለች። ጋሼ ከፊት ነበሩ። እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው አቆሙን፤ ከዚያ ድምፃቸውን ሳያነሱ፣ ዓይን ለዓይን ሳይተኩሩ፣ በአማርኛ አናገሯት። «ብዪ እናቴ፣ ልጆችሽን አብዪ። እኛ አላፊ ነን። መንገዳችን ለየብቻ ነው።» እያሉ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ፣ ሌላ እርምጃ። እኛም ከኋላቸው እንዲሁ። ትክክል የሆነውን ሁሉ አደረጉ፤ ሰው መሆናችንን በድምፅ አሳወቁ፣ አልሮጡም፣ በእሷና በልጆቿ መካከል አልገቡም፣ መሸሻዋን አልዘጉባትም። ዞረን በሌላ በኩል አለፍን። በዚያች ቅጽበት ከእረኝነት ያመጡት ዕርጋታ ሲያገለግል አየሁ፤ የሌላ አውሬ እውቀት ያልኩት ይህን አይጨምርም።

አንድ ነገር ግን ተለይቶ ይታወቅ። በምሥራቅ አሜሪካ ያለው ጥቁር ድብ ብቻ ነው፤ አልፎ አልፎ ጥቃት ቢያደርስ የሚባለው ተዋጉት፣ ፊቱንና አፍንጫውን ምቱት ነው። በምዕራብ ሞንታናና ዋዮሚንግ የሚገኘው ግሪዝሊ ግን ትከሻው ላይ ሻኛ ያለው ነው፤ ልጇን ለመከላከል የምትመጣን ግሪዝሊ አይታገሏትም። በሆድ ተኝቶ፣ ሁለት እጅን ማጅራት ላይ ቆልፎ፣ ቦርሳን ሳያወልቁ የሞተ መምሰል ነው። በቀለም መለየት ያሳስታል፤ ቡናማ ጥቁር ድብም አለ። ሻኛው ይታይ።

የፓርኩ ቢሮ ደርሰን የሆነውን ለሬንጀሯ ነገርናት። አብሮ አደጌ መንገድ ላይ «ባንናገርስ? ይቀጡን ይሆናል» ብሎ ነበር፤ ጋሼ ግን «የተደበቀ ነገር እሱን ነው የሚገድለው» ብለው ቆረጡት። ሬንጀሯ ካርታ ዘርግታ ቦታውን አስመለከተችን፤ ሰዓቱን፣ የወሰደውን፣ ስንጮህ ምን እንዳደረገ ጠየቀች። «ጆሮው ላይ ምልክት ነበረው?» አለች። አላየንም። ያን ስትሰማ ትንሽ ቀለል አላት መሰለኝ። አካባቢው ለተወሰነ ጊዜ ለማደሪያ ሊዘጋ እንደሚችል ነገረችን፤ ድቡ ባዶ ሰፈር ሲያገኝ እንዲረሳ ነው። ጋሼ «ይረሳል?» ብለው ጠየቁ፤ ተርጉሜ ነገርኳት። «አንዴ ብቻ ከሆነ ሊረሳ ይችላል» አለች።

ከዚያ ወዲህ በኒውዮርክ ግዛት አዲሮንዳክ ተራሮች ስለኖረች አንዲት ድብ ደጋግሜ አስባለሁ። በሁለቱ ጆሮዎቿ ላይ በተሰካላት ቢጫ ምልክት የተነሳ «የሎው የሎው» ይሏት ነበር። 125 ፓውንድ ገደማ የምትመዝን ትንሽ ሴት ድብ ናት። ሌሎች ድቦች ሊከፍቱት ያልቻሉትን አንድ የታወቀ ካኒስተር ጥርሷን ክዳኑ ላይ አሳርፋ መክፈት ተማረች። ሠሪው ክዳኑን አሻሻለው፤ ያንንም ከፈተችው። ጋዜጦች በ2009 ጻፉላት። በ2012 በአደን ወቅት አዳኝ ገደላት። ያን ያህል ብልሃት የነበራት ፍጥረት ያን ሁሉ ብልሃት ያዋለችው የሰው ስንቅ ላይ ነው፤ ማን እንዳስለመዳት ግልጽ ነው።

ድብን የሰው ምግብ ማስለመድ ምን እንደሚያስከትል ሰዎች የተማሩት በደም ነው። በየሎውስቶን ጎብኚ በአግዳሚ ወንበር ተቀምጦ ድቦች የሆቴል ቆሻሻ ሲበሉ እንደ ትያትር ያይ ነበር። በሞንታናው ግላሲየር ፓርክም ከአንድ ማረፊያ ኋላ የወጥ ቤት ትራፊ ይጣልና እንግዶች ግሪዝሊ ሲበላ ይመለከቱ ነበር። ነሐሴ ወር 1967 በአንድ ሌሊት፣ በተለያዩ ሁለት ቦታዎች፣ ሁለት ግሪዝሊዎች ሁለት የ19 ዓመት ወጣት ሴቶችን ገደሉ። ፓርኩ በ1910 ከተቋቋመ ጀምሮ ድብ ሰው ገድሎ አያውቅም ነበር። ከዚያ በኋላ ነው የቆሻሻው ነገር የታረመው፤ የየሎውስቶን የመጨረሻዎቹ መጣያዎች የተዘጉትም በዚያው ሰሞን፣ እስከ 1970 ድረስ ነው። ዛሬ ጀማሪ መንገደኛ ፈቃድ ሲያወጣ ስለ ምግብ የሚያነበው ደንብ ከእነዚያ ዓመታት ትምህርት ጋር የተያያዘ ነው።

ጋሼ በጋቢው ምትክ የሱፍ ልብስ ገዝተዋል። አብሮ አደጌ ለራሱ አንድ በርሜል ገዛ። ልጁ በሄደበት ሁሉ ስለ ድቡ ያወራል፤ ሰዎች «አልፈራህም?» ሲሉት «ፈርቻለሁ» ይላል፣ ደግሞም እንደሚሄድ ይነግራቸዋል።

እናንተም የሰንበት ትምህርት ቤት አስተማሪዎች፣ የማኅበርና የእድር ሰዎች፣ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ውጡ። በሶውንና ቋንጣውን ያዙ፣ እንጀራውን ቤት ተዉት። ድንኳን ከጎረቤት ይዋሱታል፤ በርሜሉን ግን ለሁላችሁ የሚበቃ አድርጋችሁ ግዙ ወይም ተከራዩ፣ አንዱ አይበቃም። በጥቅምት ቅጠል ለማየት የምትወጡም ምግባችሁን መኪናው መቀመጫ ላይ ትታችሁ አትሂዱ፤ ለድብ ቁራሽ አትወርውሩ፣ ልጆቻችሁም እንዳይወረውሩ ንገሯቸው። ድቡ ስንቃችሁን ከወሰደ ደግሞ ቅጣት ፈርታችሁ ዝም አትበሉ፤ ያኑ ዕለት ለሬንጀር ንገሩ።